ከፍ የተደረገች ፒክአፕ ስትታጠፍ ለምን ታንኳኳለች?

ራስ ዲካ ውስጥ ከወደቡ ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው መንገድ መታጠፊያው ላይ ቆማችሁ ጆሮ ብትሰጡ አንድ ድምፅ ትሰማላችሁ። ከፍ የተደረገች ፎር ዊል ፒክአፕ መሪዋን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ስትዞር ከፊት ጎማዋ ሥር «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ቀጥ ብላ መሄድ ስትጀምር ድምፁ ይጠፋል። ሾፌሩም «ቀጥ ስትል ይተዋታል» ይልና የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል።

ድምፁ የፊት ሴሚያስ መበላት የጀመረበት ምልክት ነው። መኪናዋ ከተማ ውስጥ ብትቆም ጣጣው የገንዘብ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌ፣ በርሜል ውሃ ወይም የታመመ ሰው ጭና ወደ አሊ አዴ ካምፕ ስትጓዝ ከአስፋልት ውጪ ብትቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ካምፕ የምንኖር ሰዎች ውሃውም፣ ዱቄቱም፣ ሐኪሙም የሚመጣልን በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ስለሆነ፣ ከሥራቸው ምን እንዳለ ማወቁ አይከፋም። ከእናንተም መካከል ነገ በዚህ ሙያ የሚተዳደር አይጠፋም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ እንበል። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፦ ሴሚያስ፣ ክሮቼራ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ። የጂቡቲ መካኒክ ደግሞ የተማረው በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ እዚህ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «ሴሚያስ» ብትሉ ባለ ሱቁ ላይገባው ይችላል፤ «ካርዳን» ብትሉት ግን ያንኑ ዕቃ ከመደርደሪያው ያወርድላችኋል። ካርዳን የሚለው ቃል ራሱ ከ1501 እስከ 1576 እ.ኤ.አ. ከኖረው ከጣልያናዊው ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ስም የመጣ ነው። እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ጣልያን ቤት ተመለስን ማለት ነው።

ሴሚያስ የዲፈረንሻሉን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። የኋላ ጎማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስለማይታጠፍ ለእርሱ ቀጥ ያለ ዘንግ ይበቃዋል። የፊት ጎማ ግን ሁለት ሥራ አለበት፤ በሞተር ኃይል መሽከርከርም፣ በመሪ መታጠፍም ይኖርበታል። ስለዚህ ዘንጉ ጎማው አጠገብ ሲደርስ እየዞረ መታጠፍ የሚችል መጋጠሚያ ያስፈልገዋል።

ጥንታዊው መጋጠሚያ ክሮቼራ ነው፤ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ብረት። ክሮቼራ ጠንካራ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። ዘንጉ ከታጠፈ በኋላ የሚገባው ፍጥነትና የሚወጣው ፍጥነት እኩል አይሆኑም። መታጠፊያው 10 ዲግሪ ሲሆን የሚወጣው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ከሚገባው 0.985 እጅ እስከ 1.015 እጅ ይለዋወጣል፤ ይህ የሚሰማ ነገር አይደለም። በ30 ዲግሪ ግን ከ0.866 እስከ 1.155 ይደርሳል። ኮሳይን የተማራችሁ ልጆች ቁጥሮቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትንሹ የማእዘኑ ኮሳይን ነው፣ ትልቁ ደግሞ 1 ለዚያው ኮሳይን ሲካፈል የሚገኘው ነው። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ የፊት ጎማ ላይ ቢገባ መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መፍትሔው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ዜፓ በተባለ መሐንዲስ ተገኘ። እርሱ በመስቀሉ ፋንታ ስድስት የብረት ብዮች አስገባ። በአንድ በኩል ጽዋ የመሰለ ብረት አለ፤ በውስጡ ስድስት ቦዮች ተቆፍረዋል። በሌላ በኩል ከጽዋው ውስጥ የሚገባ ድቡልቡል ብረት አለ፤ በእርሱም ላይ እንዲሁ ስድስት ቦዮች አሉ። ብዮቹ በሁለቱ መካከል፣ በየቦያቸው ይቀመጣሉ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ደግሞ ብዮቹን አቅፎ ምንጊዜም በመታጠፊያው ማእዘን እኩሌታ ላይ ያቆማቸዋል። በዚህ ምክንያት የሚገባውና የሚወጣው ፍጥነት እኩል ይሆናል። ላንድክሩዘር የሚሠሩ መካኒኮች ይህን መጋጠሚያ «ቢርፊልድ» ይሉታል፤ ስሙ የእንግሊዝ ኩባንያ ስም ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ቀጥ ካለ ብዮቹ በቦያቸው ውስጥ ተቀምጠው አብረው ይዞራሉ እንጂ ወዲያና ወዲህ አይሄዱም። ዘንጉ ከታጠፈ ግን እያንዳንዱ ብይ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይመላለሳል። ማእዘኑ በሰፋ ቁጥር የሚመላለስበት ርቀት ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ቁመቱ 78 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 2.45 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። 100 ኪሎ ሜትር የተጓዘች መኪና ውስጥ አንዱ ብይ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ተመላልሷል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። የጂቡቲ መሬት እሳተ ገሞራ የጣለው ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው። ወደ ዳይ ጫካ የሚወጣውን ዳገት ወይም ከዋናው መንገድ ወጥቶ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚሄደውን ዱካ ያየ ሰው፣ መኪናን ከፍ ማድረግ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም። አደራረጉ ግን እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ ጉዳቱም እንዲሁ።

አንደኛው ዓይነት ድፍን አክስል ያለው ነው፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው 70 የሚባለው ላንድክሩዘር ዋናው ምሳሌ ነው። በዚህ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉም ሴሚያሱም በአንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ናቸው፣ ከጎማው ጋር አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ባሌስትራ ወይም ሞላ ጨምራችሁ ሻንሲውን 10 ሳንቲ ሜትር ብታነሱ የሴሚያሱ ማእዘን በዲግሪም አይለወጥም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም፦ በድንጋይ የሚመታው የዲፈረንሻሉ ሆድ ነበረበት ቦታ ላይ ይቀራል! እርሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማው በ6 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ሆዱ የሚነሳው በ3 ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅሙ ዘንግ ግን ያዘነብላል፣ ክሮቼራዎቹም ይጎዳሉ። መሪውም አስፋልት ላይ ቀልበስ ቀልበስ ማለት ይጀምራል።

ሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ክንድ ላይ የሚንጠለጠልበት ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ሃይሉክስ እንዲህ ነው። እዚህ ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር በቡሎን ታስሯል። ሻንሲው ሲነሳ ዲፈረንሻሉም ይነሳል፤ ሆዱ በእውነት ከድንጋዩ ይርቃል። ጎማው ግን መሬት ላይ ቀርቷል። ዋጋውን የሚከፍለው በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ ሴሚያስ ነው።

50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዱላ አግኙ። አንዱን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ ሌላውን በ5 ሳንቲ ሜትር አንሱ። ዱላው ከአግድሙ 6 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉት 11 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሊያርፉ ይገባቸው የነበሩት ብዮች ከእንግዲህ ዕረፍት የላቸውም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ማእዘኑ ይብሳል፤ መሪ ሲጨመርበት ደግሞ መጋጠሚያው ከሚችለው መጨረሻ አጠገብ ይደርሳል። በዚህ ላይ የነዚህ ሃይሉክሶች ሴሚያስ በሁለት ጎማ ሲነዱም ይሽከረከራል፤ አስፋልት ላይ ሲሄዱም ይበላል። ከጎማው መሐል የሚጠመዘዝ ማላቀቂያ ያላቸው የቆዩ መኪናዎች በዚህ ይሻላሉ። ማላቀቂያው ሲፈታ ጎማው ብቻውን ይዞራል፣ ሴሚያሱ ያርፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞተው ግን ብረቱ አይደለም፤ ላስቲኩ ነው። መጋጠሚያው እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ የላስቲክ ሽፋን ተሸፍኗል፤ እዚህ «ሱፍሌ» የሚሉት። በውስጡ ጥቁር ግራሶ አለ። ዘንጉ ሲያዘነብል የሽፋኑ እጥፋቶች በአንድ በኩል ይጨፈለቃሉ፣ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ይሳሳሉ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ይለጠጣሉ። የጂቡቲ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ የባሕር ጨው ማሰሪያውን ፋሸታ ያዝገዋል። አንድ ቀን በእጥፋቱ ላይ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ትከፈታለች። ጎማው ሲሽከረከር ግራሶው በቀዳዳዋ ወደ ውጭ ይረጫል፣ በቦታው አሸዋ ይገባል። አሸዋና ግራሶ ሲደባለቁ መሞረጃ ይሆናሉ። የቦዮቹ ብረት የጠነከረው ላዩ ላይ ባለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ያ ቆዳ ከተላጠ በኋላ ያለው ለስላሳ ብረት ቶሎ ይቦረቦራል። ያን ጊዜ ብዩ ከጉድጓዱ ሲወጣና ሲገባ ነው መታጠፊያው ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው።

እንግዲህ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ነገሩን የሚነግር ምልክት አለ። የፊት ጎማውን ቸርኬ ከውስጥ በኩል እዩት። ጥቁር ቅባት በክብ ተረጭቶበት ከሆነ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው። በዚያን ሰዓት ከተደረሰበት መጋጠሚያውን አውጥቶ በናፍጣ ማጠብ፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ሽፋን ማድረግ ይበቃል። ሽፋን ርካሽ ነው። ድምፁ እስኪመጣ የቆየ ሰው ግን የሚገዛው ሙሉ ሴሚያስ ነው። ድምፁ ስትታጠፍ ሳይሆን ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠረው በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው የውስጠኛው መጋጠሚያ ነው።

ድፍን አክስል ባለው ላንድክሩዘር ላይ ሽፋኑን ብትፈልጉ አታገኙትም። ቢርፊልዱ ያለው ከጎማው ጀርባ በሚታየው ትልቅ ድቡልቡል ብረት ውስጥ ነው። የዚህ ሕመም የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የዲፈረንሻሉን ዘይት ከግራሶው የሚለየው ማገጃ ላስቲክ ሲደክም ዘይቱ ወደ ድቡልቡሉ ይገባና ግራሶውን እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል። ቀጭኑ ቅባት በውጭ በኩል ሲንጠባጠብ ታያላችሁ፤ አቧራ ይይዝና ብረቱ ጭቃ የተቀባ ይመስላል። እንደ ኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ያለ ጎርፍ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ውሃ ውስጥ የገባች መኪናም ይህ ቦታ ተከፍቶ መታየት አለበት። ግራሶው ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል።

የቆዩ መካኒኮች ስለ ቢርፊልድ የሚያውቁት አንድ ብልሃት አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። መኪና አብዛኛውን ጊዜ የምትሄደው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ብዮቹ የሚገፉት የቦዩን አንዱን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ግድግዳ እንደ አዲስ ይቀራል። መካኒኩ የግራውን ቢርፊልድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውረዋል። በሌላው ጎን አዟዟሩ ስለሚገለበጥ ያልተበላው ግድግዳ ሥራውን ይረከባል፣ ድምፁም ይጠፋል። አዲስ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ መኪናዋ ሥራ ላይ ትቆያለች። ብዮቹ ወይም ቀለበቱ ከተሰነጠቁ ግን ብልሃቱ አይረዳም።

መኪናውን ከፍ ማድረግ የግድ ከሆነ በሃይሉክስ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ማቆም ይሻላል። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ዲፈረንሻሉን በመደገፊያ ብረት ዝቅ የማድረጊያ ዕቃ ይጨምርበት፤ በእርግጥ ዲፈረንሻሉ ዝቅ ሲል ካገኘው ከፍታ ጥቂቱን መልሶ መስጠቱ ነው። የቆዩት ሃይሉክሶች ላይ በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ አለ፤ አንድ ቡሎን በማጥበቅ ብቻ መኪናዋ ያለ ምንም ወጪ ከፍ ትላለች። ያለ ወጪ ያልኩት ለዚያን ዕለት ነው። ትልቅ ጎማ መግጠምም የራሱ ሸክም አለው፤ ከ78 ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ሴሚያሱ ያንኑ ግፊት መሬት ላይ ለማድረስ 8 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት መሸከም አለበት። ሴሚያስ በጣሽ የሚባለው ሁኔታ ደግሞ አንድ ነው፦ አሸዋ ወይም ድንጋይ ውስጥ ተይዞ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ፣ ነዳጁን መርገጥ። መሪውን መልሶ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መውጣት እየተቻለ በዚህ መንገድ ስንቱ ቢርፊልድ ተሰብሯል።

መኪና ሥር ገብታችሁ ለማየት የምትፈልጉ ልጆች፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገቡ። የቸርኬውን ውስጥ ለማየት መግባት አያስፈልግም፤ መሪው ወደ አንድ ጎን ሲጠመዘዝ ከውጭ ቆሞ ይታያል።

የሒሳብ ጥያቄ፦ የአንዲት ፒክአፕ የፊት ሴሚያስ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያ አግድም ነበር፤ ባለቤቱ ሻንሲውን በ7 ሳንቲ ሜትር አነሳው። ሴሚያሱ ስንት ዲግሪ አዘነበለ? በመጋጠሚያው ብዮች ፋንታ ክሮቼራ ቢኖር ኖሮ ፍጥነቱ ከስንት እስከ ስንት ይለዋወጥ ነበር? ሥራችሁን ለሒሳብ መምህራችሁ አሳዩ።