ከዓመታት በኋላ ወደ በረዶ ሸርተቴ መመለስ፦ የመሣሪያ ምርጫና ሳይንሱ

የበረዶ ሸርተቴ ወይም ስኪ በሀገራችን የሚዘወተር ስፖርት አይደለም። ይሁን እንጂ ፈጽሞ እንግዳችን ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን ከተማ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በሀገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ፣ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ሆኗል። በስዊድንና በኖርዌይ ከሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች መካከልም ስፖርቱን ገና በተማሪነታቸው የሚተዋወቁት አሉ። ሥራና ኑሮ ሲመጣ ግን ብዙ ሰው ስኪውን ይሰቅላል፤ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላም ልጆቹን አስከትሎ ይመለሳል።

በዚህ ጽሑፍ ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበትን የስኪ ዓይነት መነሻ አድርገን፣ እንዲህ ያለው ተመላሽ መሣሪያውን እንዴት መምረጥ እንዳለበት እንመለከታለን። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን በክፍል ውስጥ የተማርነው ፊዚክስ ከሰው አጥንትና ጅማት ጋር የሚገናኝበት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

የማይረሳ አእምሮ፣ የሚለወጥ አካል

በልጅነት የተለመደ የእንቅስቃሴ ችሎታ በቀላሉ አይጠፋም። ብስክሌት መንዳት የቻለ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላም እንደሚነዳ ሁሉ፣ ስኪ የለመደም ሰው መታጠፉንና መቆሙን ቶሎ ያስታውሰዋል። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ክብደት ጨምሯል፤ የጭን ጡንቻ ላልቷል፤ አካል ለድንገተኛ አደጋ ምላሽ የሚሰጥበት ፍጥነትም ቀንሷል። ስለዚህ አእምሮ የሚያዘው የሃያ ዓመት ወጣት የሚያደርገውን ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው ግን የአርባ ዓመት ጉልበት ነው። የመሣሪያ ምርጫ መጀመር ያለበትም ይህን ልዩነት በሐቅ ከመቀበል ነው።

ስኪው ለምን አጠረ?

ቀድሞ የስኪ ርዝመት የሚመረጠው እጅን ወደ ላይ በመዘርጋት ነበር፤ የስኪው ጫፍ እስከ እጅ አንጓ መድረስ ነበረበት። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው በአገጭና በአናት መካከል የሚደርስ ነው። ለዚህ ለውጥ ዋናው ምክንያት የስኪው ቅርጽ ነው። ኤላን የተባለው የስሎቬኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤስ.ሲ.ኤክስ. የተሰኘውን ወገበ ቀጭን ስኪ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ጫፍና ጫፉ ሰፊ፣ መካከሉ ጠባብ የሆነ ስኪ በዓለም ሁሉ ተለምዷል።

የስኪው ጎን የአንድ ትልቅ ክብ ቅስት ነው ብለን ብናስብ፣ የክቡን ሬዲየስ በቀላሉ ማስላት እንችላለን፦ የቅስቱን ርዝመት በራሱ አባዝተን፣ የወገቡን ስርጉደት በ8 አባዝተን በምናገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ስርጉደቱ 8 ሚሊሜትር ለሆነ የቀድሞ ስኪ ሬዲየሱ 51 ሜትር ያህል ይሆናል። ርዝመቱ 1.6 ሜትር፣ ስርጉደቱ 20 ሚሊሜትር ለሆነ ዘመናዊ ስኪ ግን 16 ሜትር ብቻ ነው። ስኪው በጠርዙ ሲጋደል የመታጠፊያው ሬዲየስ ከዚህም ያንሳል፤ በጠንካራ በረዶ ላይ በ60 ዲግሪ ቢጋደል ወደ ግማሹ፣ ማለትም ወደ 8 ሜትር ይጠጋል።

እንግዲህ በአሮጌው ስኪ ለመታጠፍ ጅራቱን በጉልበት እየገፉ ማንሸራተት ግድ ነበር። በአዲሱ ግን ጋደል ማድረግ በቂ ነው፤ የቀረውን ቅርጹ ይሠራዋል። ለተመላሹ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ በትዝታ ተመርቶ ረጅሙን ከመግዛት፣ መጀመሪያ አጠር ያለ ስኪ ለጥቂት ቀናት ተከራይቶ መሞከር ይበጃል።

ጫማው ይቀድማል

ብዙ ሰው ስኪውን አስቀድሞ ጫማውን ያስከትላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እግር የሚያዘውን ወደ ስኪው የሚያደርሰው ጫማው ነውና። የስኪ ጫማ ቁጥር የሚለካው በሳንቲሜትር ነው። ልኩን ለማረጋገጥ የውስጡን ለስላሳ ክፍል አውጥቶ እግርን በፕላስቲኩ ቅርፊት ውስጥ ማስገባት ነው። ጣቶች ፊቱን ሲነኩ ከተረከዝ ኋላ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ቢቀር መልካም ነው። ከዚህ በላይ ከሰፋ እግሩ በጫማው ውስጥ ይዋልላል፤ ስኪውም ትእዛዙን ዘግይቶ ይሰማል።

በጓዳ የተቀመጠው አሮጌ ጫማ መልኩ ደህና ቢመስልም ሊታመን አይገባም። ብዙውን ጊዜ ቅርፊቱ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከተባለ ፕላስቲክ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የፕላስቲኩን ረጃጅም ሞለኪውሎች በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊበጣጥሳቸው ይችላል። እንዲህ የተዳከመ ቅርፊት በቁልቁለት መካከል በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማያያዣው የሚጠይቀው እውነት

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ባይንዲንግ የሚባለው ጫማንና ስኪን የሚያገናኘው ማያያዣ ነው። ተግባሩ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ማስታረቅ ነው፤ በደህናው ጊዜ አጥብቆ መያዝ፣ በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ መልቀቅ። የስኪው ጫፍ ከእግር 80 ሳንቲሜትር ፊት ለፊት ተሰንቅሮ 100 ኒውተን የሆነ የጎን ኃይል ቢያርፍበት፣ በቅልጥም አጥንት ላይ 80 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ጉልበት ይፈጠራል። ስኪው ረጅም ዘንግ ሆኖ አነስተኛውን ኃይል አጥንት ወደሚሰብር ጉልበት ሊያሳድገው ይችላል ማለት ነው። ማያያዣው ይህ ከመሆኑ በፊት ሞላውን አሸንፎ መከፈት አለበት።

ሞላው የሚከፈትበትን ልክ የሚያሳየው «ዲን» የተባለው ቁጥር የሚወሰነው በባለስኪው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በአነዳዱ ዓይነት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ቁጥሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ይልለታል። በዚህ ቦታ ላይ ክብደትን ወይም ዕድሜን መሸሸግ፣ ወይም በይሉኝታ «ጎበዝ ነኝ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ማያያዣው የተነገረውን ያምናል፤ ውሸቱን የሚከፍለው ግን እግር ነው። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» እንዲሉ።

አሮጌ ማያያዣ ተጨማሪ ስጋት አለው። ቅባቱ ይደርቃል፤ ቆሻሻና ዝገት ይገባበታል፤ ስለዚህ የተጻፈው ቁጥርና የሚከፈትበት ጉልበት ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ፣ ለመራመድ እንዲመች ሶሉ ጎበጥ ተደርጎ የተሠራ ዘመናዊ ጫማ በቀድሞ ማያያዣ ላይ በትክክል አይቀመጥም። አዲስ ጫማ ከአሮጌ ማያያዣ ጋር ከማጣመር በፊት በመለኪያ መሣሪያ የሚፈትሽ ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው።

ማያያዣው ቅልጥምን ይጠብቃል እንጂ የጉልበትን ጅማት ከጉዳት ለማዳን ያለው አቅም ውስን ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ በሱቅ አይገኝም። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ማጠንከር፣ ሲደክምም ማረፍ ያስፈልጋል።

ስለ ራስ ቁር

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ያለው ፍጥነት ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ላይ ከወደቀ ሰው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የራስ ቁር ማድረግ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። በውስጡ ያለው አረፋ ግጭትን የሚውጠው ራሱ እየተጨፈለቀ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ቁር ስንጥቅ ባይታይበትም መለወጥ አለበት።

ባጠቃላይ ተመላሹ ጫማውን በልኩ ያስቀድም፤ ማያያዣውን በባለሙያ ያስተካክል፤ ስኪውን አጠር አድርጎ ይከራይ፤ የራስ ቁሩን አይርሳ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ሚዛን ላይ ቆሞ የዛሬውን ክብደት ይመልከት። በተራራው ላይ የሚሠሩት የተፈጥሮ ሕጎች የሚያውቁት ዛሬ የቆመውን ሰው እንጂ የትናንቱን ወጣት አይደለምና።