በስኩተር ጐማ መንፊያ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳትና ስለ ጥበቃው

ለከብት ክትባት ሥራ በስኩተር ወደ ገጠር የሚሄድ ሠራተኛ፥ ከኋላው የጫነው የበረዶ ሣጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያለውን ቅዝቃዜ ካልጠበቀ በቀር በውስጡ ያለው መድኃኒት ዋጋ እንዳይኖረው ያውቃል። ባለ ከብቶቹም ከማለዳ ጀምረው በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁታል። ጐማው በመንገድ ላይ ነፋሱን ቢጥል በረዶው ይሟሟል፤ መንጋው ይበተናል፤ የወረዳውም ሹም ሁለተኛ ተሰብሰቡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ የሚመጣው ሕዝብ እንደ ፊተኛው አይበዛም። ሠራተኛው ተመልሶ ምክንያቱን ሲጠየቅ ሚስማር ወጋኝ ይላል። ጐማው ወጥቶ ሲመረመር ግን ሚስማርም እሾህም ሳይገኝበት የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የተቀደደው ከመንፊያው ሥር ነውና።

መንፊያ የተባለው ነፋስ የሚገባበት አጭር ቧንቧ ሲሆን በባዕድ ስሙ ቫልቭ ይባላል። ዛሬ በመኪናና በስኩተር ላይ የሚታየው ዓይነት ሽሬደር በተባሉ በኒውዮርክ በነበሩ ባለ ፋብሪካዎች ስም ይጠራል፤ በአሜሪካ አገር የፈጠራው መብት የተሰጠውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ነው። በቧንቧው ውስጥ በቀጭን ሽቦ የሚደገፍ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ይህንንም መዝጊያ አጥብቆ የሚዘጋው ከውስጥ የሚገፋው የነፋሱ ኀይል ነው። የውስጥ ጐማ፥ ማለት ተራው ሰው ከመነዳሪ የሚለው፥ ባለበት ስኩተር መንፊያው ከዚሁ ከውስጡ ጐማ ላስቲክ ጋራ ተጣብቆ የተሠራ ነው። የውስጥ ጐማ በሌለው ላይ ግን መንፊያው ራሱ ላስቲክ ለብሶ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ተወትፎ ይቀመጣል።

ባለ ከመነዳሪው የሚቀደድበት ዋና ምክንያት የነፋስ ማነስ ነው። ጐማው በሚገባ ከተነፋ የውጭው ጐማ ከንፈር ቸርኬውን አጥብቆ ይይዛል። ነፋሱ ባነሰ ጊዜ ግን ይዞታው ይላላል፤ አሽከርካሪው ፍሬን በያዘ ወይም ዳገት ለመውጣት ነዳጅ በሰጠ ቍጥር ጐማው በቸርኬው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል። የውስጡም ጐማ ከውጭው ጋራ አብሮ ይጓዛል፤ መንፊያው ግን በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ስለ ገባ ወዴትም ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ጐማው ወደ አንድ ወገን ሲስበው ቸርኬው ወደ ሌላው ሲይዘው፥ መንፊያው ቀስ በቀስ ያዘነብላል፤ በመጨረሻም ላስቲኩ ከብረቱ ሥር ይቀደዳል። ሚስማር የወጋው ጐማ ነፋሱን በዝግታ ሊጥል ይችላል፤ ከመንፊያው ሥር የተቀደደ ግን ባንድ ጊዜ ይጥለዋል። በዚህም ስፍራ የሚለጠፍ ልጣፍ አይዝምና ጐማ ጠጋኙ እጠግነዋለሁ ቢል ገንዘብ ማባከን ነው፤ የውስጡ ጐማ መለወጥ አለበት።

ይህ ነገር በስኩተር ላይ እንዲበረታ የሚያደርገው የጐማው ማነስ ነው። ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ቬስፓን ሲያወጣ ቸርኬው 8 ኢንች ነበር፤ በኋላም በብዙዎቹ ላይ 10 ኢንች ሆነ። ባለ 10 ኢንቹ እንኳ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ700 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከዚህም በላይ የሞተሩ፥ የሰውየውና የጭነቱ ክብደት የሚበዛው በኋለኛው ጐማ ላይ ነው። ቬስፓ ፒ ኤክስ ለሚባለው ፋብሪካው የወሰነው የነፋስ ልክ ከፊት 1.3 ባር፥ ከኋላ 1.8 ባር ሲሆን፥ ሁለተኛ ሰው ሲጫን የኋላው 2.5 ባር እንዲሆን ታዟል። የበረዶ ሣጥንና የዕቃ ከረጢት ጭኖ ለብቻው እንደሚሄድ ሰው በ1.8 የሚነዳ ሠራተኛ ከመነዳሪውን በገዛ እጁ ይቀዳል። ልኩ ለየስኩተሩ ይለያልና ከመጽሐፉ መመልከት ይገባል፤ በጣት ጨብጦ ወይም በእግር ረግጦ መገመት ግን ልክ አይደለም።

ያዘነበለ መንፊያ በግልጥ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ነው። በተሠራበት አኳኋን ተስተካክሎ የነበረው መንፊያ ወደ ጐማው መዞሪያ ተጋድሞ ከተገኘ፥ ጐማው ተንሸራትቷል ማለት ነውና ስኩተሩ ከግቢ እንዳይወጣ ማዘዝ የሹሙ ፈንታ ነው። ነፋሱን ፈጽሞ አስወጥቶ፥ ጐማውን መልሶ አስተካክሎ፥ እንደ ገና በልኩ መንፋት ይበቃል። በመንፊያው ላይ ዳዶ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ዳዶውን ከቸርኬው ጋራ ማጥበቅ አይገባም፤ አንዳንድ ሰዎች ለጥንካሬ ብለው ያጠብቁታል፤ ነገር ግን የጠበቀ ዳዶ መንፊያው እንዳያዘነብል ስለሚከለክለው ማስጠንቀቂያው ሳይታይ ላስቲኩ ይቀደዳል። ዳዶውን ወደ ክዳኑ አስጠግቶ መተው ይሻላል።

የውስጥ ጐማ በሌለው ስኩተር ላይ የሚጐዳው ቸርኬው ውስጥ የተወተፈው ላስቲክ ነው። ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ከሥሩም ይሰነጥቁታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ተሠርተው በአሜሪካ አገር ለመኪና ጐማ የተሸጡ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ መንፊያዎች፥ ላስቲካቸው ኦዞንን መቋቋም ስላልቻለ እየተሰነጠቁ ተገኝተው በ2008 ዓ.ም. የመንግሥት ምርመራ ተደርጎባቸዋል። አዲስ የሆነ ዕቃ እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ ለዓመታት በፀሐይ የቆመው ምን ያህል እንደሚያሠጋ ይታወቃል። ስለዚህ የውጭው ጐማ በተለወጠ ቍጥር መንፊያውም አብሮ ይለወጥ። በመካከሉም በአውራ ጣት ወደ ጐን ገፋ እያደረጉ ሥሩን መመልከት፥ የሳሙና ውሃም ቀብቶ አረፋ መነሣቱን ማየት ይገባል።

ክዳኑ ጌጥ አይደለም። አቧራ ወደ መዝጊያው ገብቶ ክፍት እንዳያደርገው የሚከለክለው እርሱ ነው፤ በውስጡ የላስቲክ ቀለበት ያለው ክዳን ደግሞ መዝጊያው ቢያፈስ ነፋሱን ይይዛል። ጠፍቶ ሲገኝ በጨርቅ ጠቅልሎ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጨርቁ ግን አቧራን ይሰበስባል እንጂ አይከለክልም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ጐማው ሲፈታ ነው። እንደ ፒ ኤክስ ያለው የቬስፓ ቸርኬ ከሁለት ግማሽ ተገጣጥሞ በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ነው። ቸርኬውን ከሞተሩ ጋራ የሚይዙት ዳዶዎች ሌሎች ናቸው፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙት ሌሎች ናቸው። ነፋሱ ሳይወጣ እነዚህን ሁለተኞቹን የሚፈታ ሰው፥ ብረቱ በነፋሱ ኀይል ተፈናጥሮ ፊቱን ወይም እጁን ሊመታው ይችላል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መዝጊያውን ከመንፊያው ነቅሎ ነፋሱን ፈጽሞ ማስወጣት ግዴታ ነው። ሲገጠምም የውስጡ ጐማ በሁለቱ ብረቶች መካከል እንዳይቆነጠጥ ጥቂት ነፋስ ይነፋበታል፤ ታልክ የተባለውም ዱቄት ይነሰነስበታል።

ነፋሱ በጉዞ ላይ ባንድ ጊዜ የጠፋ እንደ ሆነ፥ አሽከርካሪው ነዳጁን ለቆ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ነፋሱ በጠፋበት ጐማ ላይ ፍሬን አይያዝ፤ ይልቁንም የፊተኛው ጐማ ከሆነ የኋላውን ፍሬን በዝግታ ብቻ ይጠቀም። ትርፍ ጐማ የያዘ ቬስፓ በሩብ ሰዓት ያህል ተለውጦ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል፤ የፊቱም የኋላውም ቸርኬ አንድ ዓይነት ነውና። ሆኖም ለወራት ሳይታይ የተሰቀለ ትርፍ ጐማ ራሱ ነፋስ አልባ ሆኖ ይገኛል።

በግምጃ ቤት የሚቀመጡት ትርፍ ከመነዳሪዎች ከብርሃንና ከሙቀት፥ ደግሞም ኦዞን ከሚያወጡት ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከጄኔሬተር ርቀው፥ በታልክ ተለውሰው ይቀመጡ፤ ሲታጠፉም መንፊያው በላስቲኩ ላይ እንዳይጫን ወደ ውጭ ይደረግ።