ኬዙ አዲስ፣ ሆዱ አሮጌ

ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዢ በቅድሚያ የሚያየው ኬዙን ነው። የጥንቱ ክሬም ኬዝ በፀሐይና በዕድሜ ይበልዛል፤ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ማሽኑን አይጎዳም። ኪሳራው በተቃራኒው ነው። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ልክ የብሎን ቀዳዳዎችን አንድ ስላደረገ፣ አሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ጥቁር ኬዝ ውስጥ ያለችግር ይገጠማል። የዴልና የኤችፒ ኬዞች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ልክ ስላላቸው ለዚህ አይመቹም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ሱቆች ፈርሰዋል፤ የለመዱትን ሻጭ በነበረበት ማግኘት ቀርቷል። ስለዚህ ጊዮርጊስ አካባቢም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ቀብድ ሳይከፍሉ የጎኑን ክዳን ያስከፍቱ፤ ኮምፒውተሩን አስነሥተው የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የራሙን መጠን ይዩ። «አይከፈትም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።