አሮጌው ዳትሰን ሱፕራን የሚቀድምበት 402 ሜትር

ዳትሰን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አሮጌ ፒካፕ ነው። የመኪና እሽቅድድም ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ግን ስሙን ሲሰሙ ሌላ መኪና ነው የሚታያቸው። አፍንጫው ረዥም፣ ወንበሩ ሁለት፣ ስሙ 240ዜድ። አካባቢያችንንም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው እሱ ነው። በሁለተኛው ድል መሪውን የጨበጠው ኬንያዊው ሼካር መህታ ነበር።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ አቧራና ጭቃ ሳይሆን ስለ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ድራግ ሬሲንግ ይሉታል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ ከዚያ 402 ሜትር (ሩብ ማይል) መጭ ነው! የተሸነፈ ወደ ቤቱ፤ የመልስ ጨዋታ የለ፣ ጭማሪ ሰዓት የለ። አሜሪካ ውስጥ ዋሊ ፓርክስ በ1951 ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲየሽንን ሲያቋቁም ሐሳቡ በየጎዳናው የሚፎካከረውን ወጣት ሰብስቦ ወደ ተከለለ መም ማስገባት ነበር። ዛሬም ቅዳሜና እሁድ ተራው ሰው የራሱን መኪና ይዞ ይመጣል፣ ይፈተሻል፣ ተሰልፎ ይወዳደራል።

"ገንዘብ ያለው ያሸንፋላ!" የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ደስ የሚለውም እዚህ ጋ ነው። አማተሮቹ በብዛት የሚወዳደሩበት ሕግ ብራኬት ይባላል። እያንዳንዱ ሹፌር መኪናው በስንት ሰከንድ እንደሚገባ ገምቶ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ዳትሰኑ 14.50፣ ቶዮታ ሱፕራው 11.50 ብለው ጻፉ እንበል። ለዳትሰኑ አረንጓዴው መብራት 3 ሰከንድ ቀድሞ ይበራለታል፤ ሱፕራው ከኋላ እየጮኸ ያሳድደዋል። ዳትሰኑ መብራቱ በበራ በ0.05 ሰከንድ ተነስቶ በ14.52 ቢገባ፣ የሱፕራው ሹፌር ደግሞ 0.20 ሰከንድ ፈዝዞ በ11.51 ቢገባ፣ አሮጌው በ0.14 ሰከንድ አሸነፈ ማለት ነው።

"ቀርፋፋ ነኝ" ብሎ ማታለልም አያዋጣም። ተጋጣሚህ የባሰ ካላጠፋ በቀር፣ ከጻፍከው ሰዓት ፈጥነህ ከገባህ ትወድቃለህ። አረንጓዴው ሳይበራ ከተነሳህም ቀይ ይበራብሃል፤ እንደ ኦፍሳይድ ጎል ነው፣ ኳሷ መረብ ብትነካም ዋጋ የለውም። ከአረንጓዴው በፊት ሦስት ቢጫ መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ። ብልጥ ሹፌር አረንጓዴውን ቆሞ አይጠብቅም። ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ይለቃል፤ ጎማው እስኪንቀሳቀስ አረንጓዴው ይደርሳል።

ታዲያ መኪናውን ማሻሻል ለምን አስፈለገ? ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን በ16 ሰከንድ ማዝገም አይፈልግማ! የ240ዜድ የፋብሪካ ሞተር 2.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ በወረቀት 151 የፈረስ ጉልበት ነው። ቀላሉ መንገድ የታናሽ ወንድሙን የ280ዜድን 2.8 ሊትር ሞተር መስቀል ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ብዙ ብየዳ አይጠይቅም። ደፋሩ ደግሞ በ1981 የመጣውን ባለ ቱርቦውን የ280ዜድኤክስ ሞተር ያስሳል።

መከራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እሱን አጠንክረህ ስትመጣ ካምቢዮው ጥርሱን ያራግፋል። ካምቢዮውን ስትቀይር ተራው የዲፈረንሻሉ ይሆናል፤ የዜድ ሰዎች አር180 የሚባለውን ትንሹን አውጥተው ትልቁን አር200 የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ሁሉም ሲጠነክር ደግሞ ጎማው አስፋልት አልይዝ ብሎ ባለበት ይሽከረከራል። አጥቂ ብቻ ገዝቶ አማካይና ተከላካይ የረሳ ክለብ ስንት አይተናል!

በ1993 የወጣው ሱፕራ በዚህ በኩል የታደለ ነው። 2ጄዜድ የሚባለው ባለ ሁለት ቱርቦ 3 ሊትር ሞተሩ፣ ብሎኩ ከአሉሚኒየም ሳይሆን ከብረት የተሠራ ስለሆነ የፋብሪካ ጉልበቱን እጥፍ ሲጭኑበት ይችላል። ቢሆንም ቱርቦው አየሩን ሲያጎርሰው ነዳጁ እኩል ካልተከተለ ፒስተኑ ይቀልጣል። ያኔ ሞተር ማውረድ ነው።

አሁን አሁን ዋጋውም ጭቅጭቅ አምጥቷል። አሜሪካ ገበያ ሲገባ 3,526 ዶላር ይሸጥ ከነበረው ከ240ዜድ አንዱ በ2020 በጨረታ 310 ሺህ ዶላር አወጣ። "ዘ ፋስት ኤንድ ዘ ፊዩሪየስ" ፊልም ላይ የታየው ብርቱካናማ ሱፕራ ደግሞ በ2021 በ550 ሺህ ዶላር ተሸጧል። እንግዲህ መቁረጥ ወይስ ማስቀመጥ? በእኔ በኩል ዝገት የበላውን ዜድ ለውድድር ማዋል ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን መቁረጥ ግን ግፍ ነው።

ያው ፊልም የጎዳና ላይ ውድድሩን አሳምሮ ሸጦልናል። እግረኛ መሀል ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ፊልም አያስፈልግም። መሙ ላይ በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጥኖ የሚገባ ሹፌር ያለ ሄልሜት አይነዳም። እንደነዚህ ዓይነት የድሮ መኪኖች 11.49 ከደረሱ ደግሞ ሲገለበጡ ጣሪያው ሹፌሩን እንዳይጨፈልቀው የብረት ቱቦ ይታሰርባቸዋል። ይህን ያላሟላ መኪና፣ 500 ሺህ ዶላር ቢያወጣም፣ ፈታሹ ከሰልፉ ያስወጣዋል።