የየብስ ጦርነት የወሰነው የመርከበኛ ዕጣ

ከባሕር እጅግ ርቃ በምዕራብ ጠረፍ ለምትገኘው ለአሶሳ ነዋሪ የባሕር ኃይል ታሪክ የሌላ አገር ጉዳይ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁንና ከተማዋ ራሷ በ1982 ዓ.ም. ለተወሰነ ጊዜ በአማፅያን እጅ የገባችበት ጦርነት በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን መርከበኞች ከዋና ሰፈራቸው ያፈናቀለው ጦርነት ነው።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ምጽዋን ሰፈሩ ያደረገ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ መኮንኖቹን በማሠልጠን ኖርዌጂያውያን ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለች ዋና መርከብ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ስትሆን፣ የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና እንድታቀርብ ነበር። በንጉሡ ዘመን በአብዛኛው የሥልጠናና የክብር መርከብ ሆና ቆየች።

ብርቱው ፈተና የመጣው በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ነው። ለኤርትራ ነፃነት የሚዋጋው ሻዕቢያ የአስመራን መንገድ ዘግቶ ምጽዋን ሲከብብ፣ ለመንግሥት ጦር ስንቅና ጥይት የሚደርሰው በባሕር ብቻ ሆነ። የከተማዋ አቀማመጥ ለተከላካዩ አመቸው፤ አንዱ ክፍሏ በየብስ ላይ፣ ሌላው ደግሞ በውሃ ላይ በተሠሩ የድንጋይ መንገዶች በተያያዙ ሁለት ደሴቶች ላይ ስለሆነ፣ አጥቂው መጠለያ የሌለውን የጨው ሜዳ ማቋረጥ ነበረበት፤ እዚያም የመርከብ መድፍ ተቀበለው፤ የሶቪየት መርከቦችም አግዘዋል። ባሕር ኃይሉ በጦርነቱ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ፋይዳ የሰጠበት ጊዜ ነበር ለማለት ያዳግታል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግን ሻዕቢያ ከእግረኛና ከታንክ ጋር ፈጣን ጀልባዎችን አሰልፎ ስለመጣ፣ መርከበኛው ከየብስም ከባሕርም ተመታ። የደሴቶቹን መከላከያ ይመሩ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን አጠፉ። ከምጽዋ መውደቅ በኋላ የቀረው ዋና ወደብ አሰብ ነበር፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. እሱም ሊያዝ ሲል «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ በርካታ መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሄዱ። እሷ እዚያው ቆይታ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ወደ ጅቡቲ የተጠጉት ሌሎች መርከቦች ደግሞ ሳይከፈል በተጠራቀመ የወደብ ክፍያ ምክንያት በ1988 ዓ.ም. ገደማ ለጨረታ ቀረቡ።