ስማርት ሰዓት ልትገዙ ነው? ይህን አንብቡ

«ዶክተር፣ የትኛው ሰዓት ይሻለኛል?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦

1. ስልካችሁን እዩ። አፕል ዎች የሚሠራው ከአይፎን ጋር ብቻ ነው። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ዎች 4 ጀምሮ ያወጣቸው ደግሞ ከአንድሮይድ ጋር ብቻ።

2. አኗኗራችሁን እዩ። ጠዋት ከአያት ወጥቶ ማታ ለሚገባ፣ ሰፈሩ መብራት ለሚጠፋበት፣ ቻርጁ ብዙ ቀን የሚቆይ ይሻላል።

3. ዋናው ይሄ ነው! ቦሌም ሆነ መገናኛ «ያለ መርፌ ስኳር ይለካል» ከተባላችሁ አትመኑ። የአሜሪካው ኤፍዲኤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓት እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል። በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሰዓቱ ለእርምጃ፣ ለእንቅልፍና ለልብ ምት ክትትል ይጠቅማል። ለስኳር ግን በጣት ጠብታ ደም ተለኩ። ስኳር ላለባቸው ወላጆቻችሁም ንገሩልኝ።