የዝናቡን ቀን እንጻፍ

ዝናብ የገበሬ ሕይወት ነው። ዝናብ በወቅቱ ገብቶ በወቅቱ ሲወጣ ማሳው ያፈራል፤ ጎተራው ይሞላል፤ ከብቱ ይጠግባል። ዝናብ ሲቀር ግን ሁሉም ይቀራል። ሲበዛም ያው ነው። ያለ ልክ የወረደ ዝናብ አፈሩንና ዘሩን ጠርጎ ዓባይ በረሃ ይከተዋል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ ገበሬዎች ሲገናኙ የሚያነሡት ወሬ ይኸው ነው። «በልጉ ቀረ።» «ክረምቱ ዘግይቶ ገባ።» «በረዶው ባቄላውን መታው።» «ውርጩ ያለ ጊዜው መጣ።» ታዲያ ሰማዩ ምን ሆነ? ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ተለወጠ? እስቲ በዚህ ሳምንት ይህን ጥያቄ አብረን እንመልከት።

ድርቅ አዲስ አይደለም

ወሎ ድርቅን ያውቃል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን «ክፉ ቀን» አባቶቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ያን ጊዜ ከብቱን በሽታ ፈጀው። ዝናቡም ቀረ። የሚያርስ በሬ ጠፋ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ እንደገና ተጎዳ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረሃቡን ሸሸገ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ዳግመኛ ቀረ። በዚያ ላይ ጦርነት ነበር። ያ ጊዜ ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ ከእኛ ከወጣቶቹ ይልቅ እናንተ አባቶችና እናቶች ታውቁታላችሁ።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉም ክረምቱም ደከመ። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ አስፈለገው። ሆኖም እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ለምን? እህል ከውጭ ተገዝቶ ገባ። የሚያደርስ መንገድ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ሴፍቲኔትም ብዙ ቤት ደገፈ።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ ዝናብ ሲቀር ይመጣል። ረሃብ ግን ዝግጅት ሲጠፋ ይመጣል።

አሁን ምን ተጨመረ?

ሰው አንድ ቀን ቢቆጣ «ይህ ሰው ቁጡ ነው» አንልም። ጠባዩን የምናውቀው አብረነው ስንኖር ነው። ሰማይም እንደዚሁ ነው። የዛሬ ዝናብና የዛሬ ፀሐይ የዕለት አየር ይባላል። የብዙ ዓመት ጠባዩ ግን የአየር ንብረት ይባላል። አዋቂዎች የአየር ንብረትን ለመናገር የ30 ዓመት መዝገብ ይመለከታሉ።

መዝገቡ ምን ይላል? ዓለም ሞቃለች ይላል። በፈረንጆች አቆጣጠር 2024 እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ሞቃት ነበር። ከ150 ዓመት በፊት ከነበረው ሙቀት በ1 ዲግሪ ተኩል ያህል በልጧል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ያህል ነው። 38 ተኩል ሲደርስ ትኩሳት ይዞት ይተኛል። ምድርም ትኩሳት ይዟታል ማለት ነው።

ትኩሳቱ ከየት መጣ? ምድር የአየር ልብስ አላት። በዚህ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ጋዝ ስንል ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረውን ማለታችን አይደለም። ይህኛው እንደ አየር ነው፤ አይታይም፤ አይሸትም። ጥቂቱ ይጠቅማል፤ እንደ ባና ሙቀት ያቅፋል። ሰው ግን ለፋብሪካ፣ ለመኪናና ለመብራት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲያቃጥል ጋዙ ይጨምራል። ደን ሲመነጠርም ይጨምራል። ድሮ ከ1 ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር። አሁን ከ420 እጅ አልፏል። በባና ላይ ባና እንደ መደረብ ነው።

ሙቀትና ዝናብ ምን አገናኛቸው?

እንስራ እናስብ። አየር ውሃ የሚሸከም እንስራ ነው እንበል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው ውሃ ከመቶ 7 ያህል ይጨምራል። እንስራው ሰፋ ማለት ነው። የሰፋ እንስራ ቶሎ አይሞላም። እስኪሞላ ከማሳውም ከኩሬውም ውሃ ይመጣል፤ አፈሩ ይደርቃል። ሞልቶ ሲገለበጥ ደግሞ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ያፈሳል። ስለዚህ ድርቅና ጎርፍ ባላንጣ ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለት ድርቅ፣ ሁለት መልስ

እንግዲህ ዝናብ በቀረ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» እንበል? አይደለም። መመርመር ያስፈልጋል።

የ2007ቱን ድርቅ ሳይንቲስቶች መረመሩት። ዋናው ምክንያት ኤልኒኖ ነበር። ኤልኒኖ ማለት በሩቅ ያለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ድሮም ነበር። እሱ ሲመጣ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። በዚያ ድርቅ ላይ የዓለም መሞቅ እጁ እንዳለበት በግልጽ አልታያቸውም።

የሞክሼያችን ድርቅ ግን ሌላ ነው። የእኛ ወረዳ ቦረና ይባላል፤ በኦሮሚያ ደቡብም ቦረና አለ። በዚያና በሶማሌ ክልል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ። ሳይንቲስቶች ይህንንም መረመሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. መልሱን ሰጡ። ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ድርቁ ይህን ያህል ባልከፋ ነበር አሉ። የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱ የቀረችውን እርጥበት ከአፈሩ መጠጠ።

ሁለቱንም መልስ ያገኙት ከመዝገብ ነው። መዝገብ ባይኖር ሁሉም በግምት ይቀር ነበር።

ጎርፍና ናዳ

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን ሌሊት ጎርፍ መታት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙው ውሃ የመጣው በዙሪያዋ ካለው ደጋ ነው። ተዳፋቱ ውሃውን አልያዘም፤ ቁልቁል ለቀቀው። በደጋ የምንኖር ይህን ልብ እንበል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ሌላ ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ወገንን ለማዳን መሮጥ ደግ ነው፤ ግን በቅድሚያ ቁልቁለቱን የሚጠብቅ ሰው ይቁም። ከቤት በላይ ያለው መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፉ ካዘነበለ፣ የምንጩ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ልጆችንና አዛውንቶችን ይዞ ከስፍራው መራቅ ነው። ከብት ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 18 ያህሉ የሚኖረው አፍሪካ ውስጥ ነው። ከዓለም የካርቦን ጋዝ ግን የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 ያህል ነው። ባናውን የደረቡት በይበልጥ የከበሩት አገሮች ናቸው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ሙቀቱን ለመገደብ ተስማሙ። ኢትዮጵያም አለችበት። ቃሉ እንዲፈጸም መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን ሌላው እስኪያደርግ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሃውን እንያዝ። ሒሳቡን እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ ቢወርድ 25,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ 1,000 ማለት ነው! ይህ ሁሉ በአንድ ዝናብ ይመጣል። መሬቱ ራቁቱን ከሆነ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። እርከን፣ ሣርና ዛፍ ካለ ግን ብዙው ይሰርጋል፤ ምንጩም በበጋ አይነጥፍም። ጸሎቱም ዱዓውም አይቅር፤ እርከኑም ይሠራ።

ሁለተኛ፣ ዘር በአንድ ዓይነት ብቻ አንመን። ክረምቱ ቢዘገይ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር በእጅ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ዝናቡን እንጻፍ። ይህ ከፊደል ጋር የመጣ አዲስ ጉልበት ነው። ከላይም ከታችም ወርዱ እኩል የሆነ ጣሳ እንፈልግ። ከዛፍና ከጣራ ክዳን አርቀን፣ እንስሳ እንዳይደፋው በእንጨት ላይ እንሰረው። ሁልጊዜ ጠዋት በ3 ሰዓት ማስመሪያ አስገብተን ውሃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ እናንብብ። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ጽፈን ውሃውን እንድፋ። በረዶ ከጣለ «በረዶ»፣ ውርጭ ከመታ «ውርጭ» ብለን እንጨምር። ዝናብ ባይጥልም 0 እንጻፍ። ዜሮም ወሬ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ ያወጣል። ትንበያውን እንስማ፤ እናንብብ። ከደብተራችን ጋር እናስተያየው። ትንበያው ሰፊ አገር ያያል፤ ደብተራችን ግን የቀበሌያችንን ጋራ ያያል።

አባቶችና እናቶች የብዙ ዓመት ዝናብ በልባቸው ይዘዋል። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ከዚያ ብዙ ሰምተናል። በልብ ያለ ነገር ግን ከሰው ጋር ያልፋል። በደብተር ያለ ለልጅ ልጅ ይቀራል። ዘንድሮ አንድ ገጽ እንጻፍ። ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቻችን «ሰማዩ ተለውጧል?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን በገዛ አባታቸውና እናታቸው እጅ ተጽፎ ያገኙታል።

ተወያዩበት

1. ድርቅና ረሃብ በምን ይለያያሉ?
2. በቀበሌያችሁ ዝናብ ሲከብድ ጎርፉ የሚመጣው ከየትኛው ተዳፋት ነው? እዚያ ምን ቢሠራ ይሻላል?
3. የዝናቡን ጣሳ የት እንትከል? ደብተሩንስ ማን ይያዝ?